አሽከርካሪና እግረኛ እንዴት ይግባባሉ? የትራፊክ ሲሙሌተር ጥናቶች ለቢቸና እና ለሞጣ ቤተሰቦች ያላቸው ትምህርት

ዋና ዋና ነጥቦች

• መንገድ መሻገር የሁለት ሰው ግምት ነው። እግረኛው መኪናው መቼ እንደሚደርስ ይገምታል፤ አሽከርካሪው ደግሞ እግረኛው ይቆም ወይም ይገባ እንደሆነ ይገምታል። ሁለቱ ግምቶች ሳይገጥሙ ሲቀሩ ሰው ይገጫል።
• በሲሙሌተር የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሕፃናት፣ አረጋውያንና ስልክ የያዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዘፈቀደ አይደለም። ስሕተታቸው አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ መከላከል ይቻላል።
• ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፈጣን መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ብቻውን እንዲሻገር አይተዉት።
• የተገጨ ሰው ምንም ያልሆነ ቢመስልም መመርመር አለበት።

ጉዳዩ ለምን የጤና ጉዳይ ሆነ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ከማንኛውም በሽታ የሚቀድመው ይኸው አደጋ ነው። ከሟቾቹ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

በምሥራቅ ጎጃም ነገሩ ከመንገዱ ዓይነት ጋር ይያያዛል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና እና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ለረጅም ርቀት መኪና አገር አቋራጭ ነው፤ ለከተሞቹ ነዋሪ ግን የትምህርት ቤት፣ የገበያና የቤተ ክርስቲያን መንገድ ነው። በገበያ ቀን አይሱዙ፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ጤፍ የጫነ አህያና እግረኛ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ከሩቅ የመጣው አሽከርካሪ የገጠሩን ፍጥነት ይዞ ወደ ከተማው ይገባል፤ እግረኛው ደግሞ የሠፈሩን መንገድ እንደሚሻገር ሆኖ ይገባል። ሁለቱም የሚጠብቁት ሌላ ነገር ነው።

ሲሙሌተር ምንድን ነው?

የአየር መንገድ አብራሪዎች መሬት ላይ ሆነው አውሮፕላን የማብረር ልምምድ የሚያደርጉበትን መሣሪያ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የትራፊክ ሲሙሌተርም ሐሳቡ ያው ነው፤ እውነተኛ አደጋ በሌለበት እውነተኛ የሚመስል መንገድ ይፈጥራል። ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉት።

የአሽከርካሪ ሲሙሌተር፦ ሰውየው መሪ፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ባለው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ከፊቱ ባለው ስክሪን ላይ መንገዱ፣ ሌሎች መኪኖችና እግረኞች ይታያሉ። ኮምፒውተሩ መቼ ፍሬን እንደያዘና ምን ያህል ዘግይቶ እንደያዘ ይመዘግባል፤ በተጨማሪ መሣሪያም ዓይኑ ወዴት እንዳየ ይለካል።

የእግረኛ ሲሙሌተር፦ ሰውየው በስክሪን የተከበበ ክፍል ውስጥ ይቆማል ወይም ዓይን ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ያደርጋል። መኪኖች ሲመጡ ያያል፣ ድምፃቸውን ይሰማል፣ ደኅና መስሎ ሲታየው በእግሩ ይሻገራል። ቢሳሳት የሚገጨው የምስል መኪና ነው። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሊድስ ዩኒቨርሲቲ 9 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ክፍል አለው።

ከዚህ የላቀው ደግሞ ሁለቱን ማገናኘት ነው። አንድ ሰው በአንዱ ክፍል ያሽከረክራል፣ ሌላው በሌላው ክፍል ይራመዳል፤ ሁለቱም ግን በአንድ የምስል መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የሊድስ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው «ማን ይቀድማል?» የሚለውን አጥንተዋል። መኪናው ለመድረስ የቀረው ጊዜና ዜብራ መኖር አለመኖሩ ማን እንደሚቀድም በመወሰን በኩል ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ይህ የሚነግረን ዜብራ የመንገድ ቀለም ብቻ አለመሆኑን ነው። ለሁለቱም ወገን «አሁን ተራው የማን ነው» የሚል መልእክት ይሰጣል። ቀለሙ በደበዘዘበት ወይም ጨርሶ በሌለበት ቦታ መልእክቱም አይኖርም።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

ሕፃናት

በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት የ6፣ የ8፣ የ10፣ የ12 እና የ14 ዓመት ልጆች እንዲሁም አዋቂዎች በሲሙሌተር ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዙ መኪኖች ያሉበትን መንገድ ደጋግመው ተሻገሩ። የ6 ዓመት ልጆች ከመቶ 8 ጊዜ፣ የ8 ዓመቶቹ 6 ጊዜ፣ የ10 ዓመቶቹ 5 ጊዜ፣ የ12 ዓመቶቹ 2 ጊዜ ተገጩ። የ14 ዓመቶቹ እንደ አዋቂዎቹ በሰላም ተሻገሩ።

ምክንያቱ ልጆቹ ደፋር ወይም ባለጌ በመሆናቸው አልነበረም። በሁለት መኪኖች መካከል ያለውን ክፍተት የሚመርጡት እንደ አዋቂ ነው፤ እግራቸውን የሚያነሡት ግን ዘግይተው ነው። ክፍተቱ ለአዋቂ ይበቃል፣ ለዘገየው ልጅ ግን አይበቃም። የ12 ዓመት ልጆች ይህን ድክመታቸውን ያካካሱት ሰፋ ያለ ክፍተት በመጠበቅ ነው።

ሌላው ችግር የዓይን ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙ በሚበልጥ ፍጥነት የሚመጣ መኪና እየቀረበ መሆኑን በትክክል ላይለዩ ይችላሉ። መኪናውን ያዩታል፤ ወደ እነርሱ እየመጣ መሆኑ ግን በጊዜ አይታያቸውም። ስለዚህ «ግራና ቀኝ አይተህ ተሻገር» የሚለው ምክር ለትንሽ ልጅ ብቻውን በቂ አይደለም።

አረጋውያን

በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ወጣቶችን ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 80 ዓመት ከሆኑ ሰዎች ጋር በማሻገሪያ ሲሙሌተር አነጻጽረዋል። አረጋውያኑ ውሳኔያቸውን በአብዛኛው የሚመሠርቱት መኪናው ምን ያህል እንደራቀ በማየት ነበር። ርቀቱ ተመሳሳይ ከሆነ መኪናው በሰዓት 40 ይምጣ ወይም 60 ኪሎ ሜትር ይምጣ ውሳኔያቸው ብዙም አይለወጥም። በዝግታ በሚሄድ ትራፊክ ይህ ልማድ ያዋጣል፤ ፈጣን መኪና ሲመጣ ግን ይገድላል። ቀድሞ የከብትና የጋሪ መንገድ የነበረው ቦታ አስፋልት ሲሆን በዕድሜ የገፉ ሰዎች የቆየ የርቀት ግምታቸውን ይዘው ይሻገራሉ።

ስልክ

በአሜሪካ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎችን በምስል መንገድ አሻግሯል። መልእክት እየጻፉ ወይም ሙዚቃ እየሰሙ የተሻገሩት ምንም ካልያዙት ይልቅ በብዛት ተገጭተዋል። በአሽከርካሪ በኩል ደግሞ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በስልክ የሚያወራ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ነገር እንኳ ልብ ሳይለው ያልፋል። ስልኩን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በጆሮ ማዳመጫ ማውራትም ይህን ችግር አያስቀረውም።

ለእግረኛ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው፦ አሽከርካሪው ፊቱን ወደ እርስዎ አዞረ ማለት አይቶዎታል ማለት አይደለም። መኪናው በእርግጥ ፍጥነት ሲቀንስ ወይም ሲቆም ካላዩ አይግቡ።

ስሌቱ በከተማችን መንገድ

ባለ ሁለት አቅጣጫ የአስፋልት መንገድ ስፋቱ 7 ሜትር ያህል ነው እንበል። ጤነኛ ሰው በተለመደ እርምጃ ለመሻገር 6 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በምርኩዝ የሚሄድ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሸክም ያለበት ሰው 9 ሰከንድ ሊፈጅበት ይችላል። በዚያ ጊዜ መኪናው የሚጓዘው ርቀት እንደሚከተለው ነው።

• በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፦ በ6 ሰከንድ 50 ሜትር፣ በ9 ሰከንድ 75 ሜትር
• በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፦ በ6 ሰከንድ 83 ሜትር፣ በ9 ሰከንድ 125 ሜትር
• በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፦ በ6 ሰከንድ 133 ሜትር፣ በ9 ሰከንድ 200 ሜትር

አሽከርካሪው እግረኛ አይቶ እስኪቆም ድረስም መኪናው መጓዙን አያቆምም። በደረቅ አስፋልትና በደኅና ፍሬን፣ አሽከርካሪው ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 13 ሜትር ያህል፣ በ50 ኪሎ ሜትር 28 ሜትር ያህል፣ በ80 ኪሎ ሜትር 57 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ክረምት ላይ መንገዱ ሲረጥብ፣ ጭነት ሲበዛ ወይም ጎማው ሲያልቅ ርቀቱ ከዚህ በጣም ይረዝማል።

ፍጥነት የጉዳቱንም መጠን ይወስናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 ከመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 ከመቶ ይጨምራል። መኪና የገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ ደግሞ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ 4.5 እጥፍ ይሆናል።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

ልጅዎን ያለ ሲሙሌተር ያለማምዱ

ለልምምድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ተመራማሪዎች ከእውነተኛው መንገድ አጠገብ የማስመሰያ መንገድ አዘጋጅተው ትንንሽ ልጆች እውነተኛዎቹን መኪኖች እያዩ በማስመሰያው ላይ እንዲሻገሩ አድርገዋል። ኋላም በግላስጎው ፈቃደኛ ወላጆች ከ5 እስከ 7 ዓመት የሆኑ ልጆችን መንገድ ዳር የሚያሠለጥኑበት ፕሮግራም ተስፋፍቷል። ሐሳቡን እንዲህ አድርገው መጠቀም ይችላሉ።

1. ከአስፋልቱ ራቅ ያለ፣ መኪና የማይገባበት ቦታ ይምረጡ። በአጥር ጥግ ቢሆን ይመረጣል።
2. ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን በሚሄድ መስመር ላይ ሁለት ድንጋይ ያስቀምጡ። በመካከላቸው አሥር የአዋቂ እርምጃ ያህል ይሁን። ልጁ የሚራመደው በመንገዱ ትይዩ እንጂ ወደ መንገዱ መሆን የለበትም።
3. እርስዎ ሁልጊዜ በልጁና በአስፋልቱ መካከል ይቁሙ።
4. ልጁ የሚመጣውን መኪና ይመልከት። ደኅና ነው ብሎ ሲያስብ «አሁን!» ብሎ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ይራመድ። መሮጥ አይፈቀድም።
5. ልጁ ሁለተኛው ድንጋይ ጋ ሳይደርስ መኪናው በፊታችሁ ካለፈ «እውነተኛ መንገድ ቢሆን ኖሮ ይገጭህ ነበር» ብለው ረጋ ብለው ያስረዱት። አይቆጡት።
6. ልምምዱን በተለያየ ቀን ደጋግሙት። ባጃጅና ከባድ መኪና በፍጥነት እንደሚለያዩ እንዲያስተውል ይርዱት።

ልጁ አሥር ጊዜ ተከታትሎ ቢሳካለትም ብቻውን ይሻገር ማለት አይደለም። ልምምዱ የሚጠቅመው ሰፊ ክፍተት የመጠበቅ ልማድ ለማስያዝ ነው።

የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ

• አስፋልት ዳር ሲሄዱ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይያዙ። እንዲህ ሲሆን የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት ያዩታል።
• ከቆመ አውቶቡስ ወይም ሚኒባስ ፊት ለፊት አይሻገሩ። ሄዶ እስኪያልፍ ይጠብቁ።
• አንድ መኪና ቆሞ ቢያሳልፍዎት እንኳ ከጎኑ ደርቦ የሚያልፍ ሌላ መኪና መኖሩን አይተው ይለፉ።
• ከአህያ ወይም ከበግ ጋር ሲሻገሩ ጊዜውን በእንስሳው እርምጃ ይለኩ። እንስሳው መሐል መንገድ ላይ ቢቆም እርስዎ ለመጎተት አይቁሙ።
• ማታና ንጋት ላይ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ከላይ ይልበሱ፤ የእጅ ባትሪም ይያዙ። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ለአሽከርካሪ የሚታየው በጣም ሲቀርብ ነው።
• አባትዎን ወይም እናትዎን «መኪናው ሩቅ ነው» ብለው ሲነሡ «ፍጥነቱስ?» ብለው ያስታውሷቸው። የሚያሻግር ልጅ ቢኖር ይመረጣል።

ከሕመም በኋላ መሻገርና ማሽከርከር

አንዳንድ ሕመሞችና መድኃኒቶች ግምትን ያዛባሉ። የዓይን ሞራ፣ የመስማት ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ ስትሮክ፣ በስኳር ሕመም መድኃኒት ምክንያት የሚመጣ የደም ስኳር መውረድ እንዲሁም እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶች ዋናዎቹ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ያለበት አሽከርካሪ ወደ መሪው ከመመለሱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ሲሙሌተር በዚህ በኩልም ለሕክምና ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የቤልጅየም ጥናት ስትሮክ የደረሰባቸውን 83 ሰዎች ተከታትሏል። በሲሙሌተር የተለማመዱት በሌላ ዘዴ ከሠለጠኑት ይልቅ እንደገና ለማሽከርከር ብቁ ሆነው ተገኝተዋል። መሣሪያው በማይገኝበት ቦታም ትምህርቱ ይሠራል፦ ከከባድ ሕመም በኋላ ማሽከርከር ቀስ በቀስ ተለማምደው የሚመለሱበት ችሎታ ነው።

አደጋ ከደረሰ ምን ይደረግ?

1. መጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይደርስባችሁ ከሁለቱም አቅጣጫ ራቅ ብሎ ምልክት የሚሰጥ ሰው ያቁሙ።
2. የወረዳውን አምቡላንስ ወይም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ። የወረዳዎን አምቡላንስና የቅርብ ጤና ጣቢያዎን ስልክ ከአሁኑ ይመዝግቡ።
3. የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ይያዙ። ጨርቁ ቢርስ ሌላ ከላይ ይጨምሩ፤ የመጀመሪያውን አያንሡት።
4. እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካልኖረ በስተቀር የተጎዳውን ሰው አይጎትቱ፤ አያስቀምጡት። ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድ መስመር ይዘው ብዙ ሰው ሆነው በአንድ ጊዜ ያንሡት።
5. ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነና የሚያስታውክ ከሆነ አንገቱን ደግፈው በጎኑ ያስተኙት።
6. ውኃም ሆነ ምግብ አይስጡት። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።
7. የተሰበረ የሚመስለውን እጅ ወይም እግር ለማቃናት አይሞክሩ። እንዳለ ደግፈው ያቆዩት።

ስብራትና ወጌሻ፦ ብዙ ቤተሰብ ስብራት ሲደርስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ወይም እንጨት የደም ዝውውርን ዘግቶ እጅ ወይም እግር እስከመቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከበረታ ማሰሪያውን ወዲያው ያላሉና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ነገ አይበሉ። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ከመጀመሪያውም ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ሌላ ቦታ አይሂዱ።

በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

የተገጨ ሰው በእግሩ ተነሥቶ ቢሄድም በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ከሚከተሉት አንዱ ከታየበት ሳይዘገዩ ይውሰዱት።

• እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ወይም ተደጋጋሚ ማስታወክ
• መደናገር፣ የማይነቃ እንቅልፍ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ
• አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ሰፍቶ መታየት
• ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ደም ወይም እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ መውጣት
• የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም
• የሆድ መወጠር ወይም ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሽንት
• የእጅ ወይም የእግር መድከም ወይም መደንዘዝ
• በነፍሰ ጡር ላይ የሆድ ሕመም፣ የደም መፍሰስ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ

በሞጣና በቢቸና ሆስፒታሎች አሉ። የጭንቅላት ጉዳት ወይም ውስብስብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ታካሚ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። ሪፈር ሲጻፍ የተሰጠውን ሕክምናና ሰዓቱን የሚያሳየውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ቁስል ካለ ስለ ቴታነስ መርፌ ይጠይቁ።

ስለ ሕክምና ወጪ

የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል። አዋጁ ሲወጣ የድንገተኛ ሕክምናው ወጪ እስከ 2,000 ብር ድረስ እንዲሸፈን ተወስኖ ነበር፤ አሁን ያለውን መጠን ከጤና ተቋሙ ይጠይቁ። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ ወይም መድን ባይኖረው ለተጎጂዎች የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ። ለዚህ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃ ስለሚያስፈልግ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀቶችን ያስቀምጡ።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

በውጭ አገር ሲሙሌተር የተገኘ ውጤት ለእኛ ይሠራል?
የሰው ዓይን፣ የልጅ የአእምሮ እድገትና የእርምጃ ፍጥነት በየትም አገር ተቀራራቢ ስለሆኑ ስለ እነርሱ የተገኘው ውጤት ይጠቅማል። የመንገዱ ሁኔታ ግን ይለያያል። በሲሙሌተሮቹ ምስል ውስጥ ጋሪና የጫነ አህያ የሉም፤ ተሳታፊውም እንደማይሞት ያውቃል። ስለዚህ ውጤቱን በገዛ አገር መንገድ ላይ ከሚደረግ ጥናት ጋር ማየት ያስፈልጋል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ገጠር ባሉ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገዶች ላይ ስለሚደርስ የእግረኛ አደጋ የተሠራ ነው።

ልጄ የ8 ዓመት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ምን ላድርግ?
በተራ የሚያሻግር አዋቂ እንዲኖር ከጎረቤት ወላጆች ጋር ይስማሙ። ልጆቹ በቡድን፣ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ይሻገሩ። ትምህርት ቤቱ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት የትራፊክ አስተናጋጅ እንዲያቆም፣ የከተማው አስተዳደርም ዜብራና ፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራ ወላጆች በጋራ ይጠይቁ።

እኔ አሽከርካሪ ነኝ። ምን ልወቅ?
መንገድ ዳር የቆመ ልጅ ቢያይዎትም የሚመጡበትን ፍጥነት ላያውቅ ይችላል። «አይቶኛል፣ ይቆማል» ብለው አይመኑ። ከተማ ሲገቡ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው አንሥተው ፍሬኑ ላይ ያዘጋጁ። ከ50 ወደ 30 ኪሎ ሜትር መውረድ ለመቆም የሚያስፈልገውን ርቀት በ15 ሜትር ያህል ያሳጥረዋል። ያ ርቀት የአንድ ልጅ ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። ስለራስዎ ወይም ስለ ቤተሰብዎ ሁኔታ ሐኪምዎን ወይም በቅርብዎ ያለውን የጤና ባለሙያ ያማክሩ።